ከዕጽዋት ምርምር ተነሥተው የቀዶ ሕክምናን መሣሪያ የለወጡት ዊሊያም ቦቪ

በዓለም ዙሪያ በሚገኙ የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ሐኪሞች በየዕለቱ የሚያነሱት እስክሪብቶ መሰል መሣሪያ አለ። ጫፉ ቀጭን ብረት ነው፤ በሌላው ወገን የኤሌክትሪክ ገመድ ተያይዞለታል። ሐኪሙ ቁልፉን ሲጫን መሣሪያው ሥጋን ይቆርጣል፤ የሚደማውንም የደም ሥር ወዲያው ይዘጋል። በአሜሪካ ያሉ ሐኪሞች ይህን መሣሪያ ቦቪ እያሉ ይጠሩታል። ስሙ ከዕቃው ጋር ተዋሕዶ ስለቀረ የሰው ስም መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የስሙ ባለቤት ዶክተር ዊሊያም ቦቪ የሕክምና ሐኪም አልነበሩም። የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ተክል እንዴት እንደሚያድግ በሚያጠናው ዘርፍ ነው። የሕይወት ታሪካቸው ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን ያሳያል። አንደኛው፣ ስለ ተክልና ስለ ብርሃን የተገኘ እውቀት የሰውን ነፍስ እስከ ማትረፍ ሊደርስ መቻሉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ መሣሪያውን የሠራ እጅ ከመሣሪያው ፍሬ ሳይቋደስ ሊቀር መቻሉ ነው።

ከቡቃያ እስከ ጨረር

ቦቪ እ.ኤ.አ በ1882 በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ ኦገስታ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ። በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አቀኑ። እ.ኤ.አ በ1914 በዕጽዋት ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም ተክል እንዴት እንደሚመገብ፣ እንደሚተነፍስና እንደሚያድግ በሚመረምረው የሳይንስ ዘርፍ፣ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

ገና ተማሪ ሳሉ መሣሪያ የመፍጠር ዝንባሌያቸው ጎልቶ ይታይ ነበር። የተክል ዕድገት አዝጋሚ ነው፤ ገበሬ ቡቃያው ከፍ ማለቱን የሚያውቀው ከቀናት በኋላ ተመልሶ ሲያየው ነው። ቦቪ ይህን በዓይን የማይያዝ ዝግታ በቁጥር ለመያዝ ፈለጉ። ጥቃቅን የዕድገት ለውጦችን በትክክል የሚለካ መሣሪያ ሠርተውም እ.ኤ.አ በ1912 በዕጽዋት ሳይንስ መጽሔት ላይ አስተዋወቁት።

ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ የፈሳሽን አሲዳማነት በኤሌክትሪክ አማካኝነት የሚለካ ሌላ መሣሪያ ይፋ አደረጉ። ዛሬ የአፈር ናሙና አሲዳማ መሆኑንና አለመሆኑን ለማወቅ በቤተ ሙከራ የሚያገለግለው መለኪያም የሚሠራው በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ነው። ሁለት ኤሌክትሮዶች በፈሳሹ ውስጥ ይገባሉ፤ በመካከላቸው ያለው የኤሌክትሪክ ልዩነትም ይነበባል። ኤሌክትሮድ ማለት ኤሌክትሪክ ወደ አንድ አካል የሚገባበት ወይም ከአንድ አካል የሚወጣበት ጫፍ ነው። ቦቪ ይህን ጫፍ በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተላምደውታል፤ በሰው ገላ ላይ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው።

ሦስተኛው የጥናት መስካቸው ብርሃንና ሙቀት በሕያው ነገር ላይ የሚያሳድሩት ለውጥ ነበር። አልትራቫዮሌት ጨረር ፕሮቲንን እንዴት እንደሚያረጋ መርምረው እ.ኤ.አ በ1913 ውጤቱን አሳተሙ። የፕሮቲን መርጋት በየቤቱ የሚታይ ነገር ነው። የእንቁላል ነጩ ክፍል ጥሬ ሳለ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ እሳት ሲነካው ግን ነጭና ጠጣር ይሆናል፤ ወደ ቀድሞ መልኩም አይመለስም። ይህ እውቀት ከዓመታት በኋላ የሚደማ የደም ሥርን በመዝጋት ጥቅም ላይ ይውላል ብሎ በዚያን ጊዜ የገመተ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ቦቪ በቦስተን ከተማ በሃርቫርድ የካንሰር ኮሚሽን ተቀጠሩ። ኮሚሽኑ ካንሰርን በራዲየምና በሌሎች ጨረሮች ማከም ይቻል እንደሆነ ይመረምር ነበር። በዚያ ሥራ ላይ ሳሉ ትኩረታቸው ዕጢን በኤሌክትሪክ ወደ ማስወገድ ዞረ።

የሐኪሞች የዘመናት ባላጋራ

በዚያ ዘመን ማደንዘዣ ተገኝቶ ነበር፤ ቁስል እንዳያመረቅዝ ጀርሞችን መከላከልም ተለምዶ ነበር። ያልተፈታው ችግር ደም ነበር። ሐኪም አንድ የደም ሥር ሲቆርጥ በቁንጢጥ ይይዛል፣ በክር ያስራል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሆድ ወይም እግር ላይ ይህ ይቻላል። በአንጎል ላይ ግን የደም ሥሮቹ እጅግ ስስ ናቸው፤ ክር ሲጠብቅባቸው ይበጠሳሉ። ቦታው ጠባብ ስለሆነ እጅም በነጻነት አይንቀሳቀስበትም።

በዚህ ዘርፍ ግንባር ቀደም የነበሩት ሐኪም እ.ኤ.አ በ1869 በኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ የተወለዱት ዶክተር ሃርቪ ኩሺንግ ናቸው። በቦስተን ፒተር ቤንት ብሪገም ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ኃላፊ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1911 የአንጎልን የደም ሥር ቆንጥጠው የሚይዙ ትናንሽ የብር ቅንጥቦች አስተዋውቀዋል። ሥራቸው ዝግ ያለና ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። ያም ሆኖ አንዳንድ ዕጢዎች የደም ሥር ስለበዛባቸው ቀዶ ሕክምናውን በመሐል ማቋረጥና በሽተኛውን ከነዕጢው ወደ አልጋው መመለስ ግድ ይሆንባቸው ነበር።

ደምን በእሳት ማቆም አዲስ ሐሳብ አልነበረም። የጋለ ብረት ቁስል ላይ ማሳረፍ ከጥንት ጀምሮ በብዙ ሕዝቦች ዘንድ የታወቀ ነው፤ ከብት በጋለ ብረት ሲተኮስ ያየ ሁሉ ውጤቱን ያውቀዋል። የጋለ ብረት ግን ዙሪያውን ሁሉ ያቃጥላል፤ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲነሣም የተቃጠለውን ቆዳ ይዞ ስለሚወጣ ቁስሉን ደግሞ ያደማል። በአንጎል ላይ እንዲህ ያለ ነገር ማሳረፍ አይታሰብም።

ቀዝቃዛ ብረት ሥጋን እንዴት ያግላል?

የቦቪ መሣሪያ ከጋለ ብረት የሚለየው በአንድ መሠረታዊ ነገር ነው። ብረቱ ራሱ እንደ መተኮሻ አይግልም። የሚግለው ኮረንቲው የሚያልፍበት ሥጋ ነው።

በየቤቱ የሚገባው ኮረንቲ በሰከንድ 50 ወይም 60 ዙር እየተመላለሰ ይሄዳል። ይህ ፍጥነት ከነርቭና ከጡንቻ አሠራር ጋር ስለሚገናኝ ሰውን ያንዘፈዝፋል፤ ልብንም ሊያቆም ይችላል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዣክ አርሴን ዳርሶንቫል ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አንድ አስደናቂ ነገር አሳይተው ነበር። ኮረንቲው በሰከንድ ከ10,000 ዙር በላይ ሲመላለስ ጡንቻ መኮማተሩን ያቆማል። ነርቭ ምላሽ ለመስጠት ጊዜ አያገኝም፤ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው። ዛሬ የሚሠራባቸው የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዙር ይጠቀማሉ።

ሙቀቱ በአንድ ነጥብ ላይ ብቻ እንዲወርድ የሚያደርገው የኤሌክትሮዱ ቅርጽ ነው። መስኖ የሚጠቀም ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። አንድ መጠን ያለው ውሃ በሰፊ ማሳ ላይ ሲለቀቅ በዝግታ ይሰርጋል፤ አፈር አይነቅልም። ያው ውሃ በጠባብ ቦይ ሲገባ ግን ኃይሉ ይሰበሰባል፤ ቦዩንም ይቦረቡራል። በቀዶ ሕክምናው ሐኪሙ የሚይዘው ቀጭን ጫፍ ጠባቡ ቦይ ነው። በሽተኛው ገላ ሥር የሚነጠፈው ሰፊ የብረት ሰሌዳ ደግሞ ማሳው ነው። ኮረንቲው በጫፉ በኩል ተሰብስቦ ይገባል፤ በሰሌዳው በኩል ተበታትኖ ይወጣል። ስለዚህ ጫፉ ያረፈበት ቦታ ሲቃጠል ሰሌዳው የነካው ቆዳ ምንም አይሆንም።

መቁረጥና ማርጋት ደግሞ የሚለዩት በኮረንቲው አለቃቀቅ ነው። ኮረንቲው ሳይቋረጥ ሲፈስስ በሥጋው ሕዋስ ውስጥ ያለው ውሃ በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጥና ሕዋሱ ይፈነዳል። ፈንድሻ የሚፈካውም እንዲሁ ነው፤ በበቆሎው ፍሬ ውስጥ የታመቀው ውሃ እንፋሎት ሆኖ ቅርፊቱን ይሰነጥቀዋል። ሕዋሶቹ በመስመር ሲፈነዱ ሥጋው በምላጭ እንደተቀደደ ይከፈታል። ኮረንቲው እየተቆራረጠ ሲለቀቅ ግን ሥጋው ቀስ ብሎ ይግላል፤ ፕሮቲኑ እንደ እንቁላሉ ይረጋል፤ የደም ሥሩም ይዘጋል።

ከቦቪ በፊትም ይህን ኮረንቲ በሕክምና የሞከሩ ነበሩ። ለአብነት ያህል በኒውዮርክ ዶክተር ኤድዊን ቢር እ.ኤ.አ በ1910 በሽንት ፊኛ ውስጥ የሚወጡ ዕጢዎችን በዚሁ መንገድ ማከም ጀምረው ነበር። የቦቪ ድርሻ መቁረጡንም ማርጋቱንም በአንድ ማሽን ማሰናዳታቸውና ማሽኑን ለቀዶ ሐኪም እጅ እንዲመች ማድረጋቸው ነው። መያዣው የሽጉጥ እጀታ ይመስል ነበር፤ በጫፉ ላይ እንደ ሥራው ዓይነት ልዩ ልዩ ኤሌክትሮዶች ይገጠሙበታል። ሹሉ ጫፍ ለመቁረጥ፣ ድቡልቡሉ ጫፍ ለማርጋት ያገለግላል። ቀለበት መሰሉ ሽቦ ደግሞ ዕጢን ከውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እየጠረበ ለማውጣት ይረዳል።

ጥቅምት መባቻ፣ እ.ኤ.አ 1926

እ.ኤ.አ በ1926 መስከረም ወር መጨረሻ ላይ ኩሺንግ በራሱ ላይ ደም ሥር የበዛበት ዕጢ የወጣበትን አንድ በሽተኛ ለማከም ሞከሩ። ደሙ ስለበረታባቸው ሥራውን ሳይጨርሱ አቆሙ። ስለ ቦቪ ማሽን አስቀድመው ያውቁ ስለነበር እርዳታ ጠየቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ እ.ኤ.አ ጥቅምት 1 ቀን 1926፣ ቦቪ ማሽናቸውን ይዘው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ተገኙ።

ለሁለቱም ነገሩ ቀላል አልነበረም። ኩሺንግ በዓለም የታወቁ ሐኪም ናቸው፤ በሚያዩአቸው ባልደረቦች ፊት ለዚያ ሥራ ባልተለመደ ማሽን መሥራታቸው ነው። ቦቪ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ውጤታቸው በቤተ ሙከራና በጥቂት ሐኪሞች ዘንድ ብቻ የታወቀ ተመራማሪ ነበሩ። ማሽኑ ቢስት የሚሞተው በጠረጴዛው ላይ የተኛው ሰው ነው።

ማሽኑ አልሳተም። ኩሺንግ በቀለበት መሰሉ ሽቦ ዕጢውን እየጠረቡ አወጡ፤ ቀደም ሲል ያስቆማቸው የደም ጎርፍም አልመጣም። ከዚያ ቀን በኋላ ቦቪ ከማሽኑ አጠገብ ቆመው ኮረንቲውን እያስተካከሉ፣ ኩሺንግ ደግሞ ጫፉን ይዘው አብረው መሥራት ቀጠሉ። ኩሺንግ ቀደም ሲል ዕጢያቸው ሊወጣ አይችልም ብለው ያሰናበቷቸውን በሽተኞች መልሰው እስከ መጥራት ደረሱ።

ጉዞው ግን ያለ አደጋ አልነበረም። አንድ ጊዜ ኮረንቲው በብረት መሣሪያ በኩል አልፎ የኩሺንግን ክንድ መታ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ለማደንዘዣ የዋለው የኤተር ትነት በመሣሪያው ብልጭታ ተቀጣጠለ። ኤተር እንደ ቤንዚን በቀላሉ የሚነድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ችግር በተከሰተ ቁጥር የአሠራር ለውጥ ይደረግ ነበር፤ ማደንዘዣው ከብልጭታው ርቆ በሌላ መንገድ እንዲሰጥም ተደረገ። ሁለቱ ሰዎች የደረሱበትን ውጤት እ.ኤ.አ በ1928 በጋራ አሳተሙ። ጽሑፉ የአንጎል ዕጢን በኤሌክትሪክ እርዳታ ስለ ማውጣት የሚያትት ሲሆን በዘርፉ ታሪክ እንደ ትልቅ ምዕራፍ ይቆጠራል።

ለአንድ ዶላር የተሸጠ መብት

ማሽኑ ከአንድ ሆስፒታል አልፎ ለሌሎች እንዲዳረስ ፋብሪካ ያስፈልግ ነበር። በሲንሲናቲ ከተማ የሚገኘው ሊበል ፍላርሻይም የተባለ ኩባንያ ማምረቱን ያዘ። ቦቪ የፈጠራ ባለቤትነት መብታቸውን ለኩባንያው ያስተላለፉት በ1 ዶላር ነው። ማሽኑ በየሆስፒታሉ ሲሰራጭና ስማቸው የመሣሪያው መጠሪያ ሲሆን የሽያጩ ትርፍ ለእርሳቸው አልነበረም።

በሃርቫርድም ቋሚ የመምህርነት ቦታ ሳያገኙ ቀሩ። ኩሺንግ ከእርሳቸው ጋር በሠሩባቸው ዓመታት በዝናቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። እ.ኤ.አ በ1926 ስለ ታዋቂው ሐኪም ዊሊያም ኦስለር በጻፉት የሕይወት ታሪክ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝተዋል፤ በ1931 ደግሞ ሁለት ሺሕኛውን የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሕክምና አከናውነዋል። ቦቪ ግን ቦስተንን ለቀው በቺካጎ አካባቢ ወደሚገኘው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በዚያም የባዮፊዚክስ ትምህርትን መሩ። በኋላም ወደ ሰሜን ምሥራቋ ሜይን ግዛት ተሻግረው በኮልቢ ኮሌጅ አስተማሩ።

ኩሺንግ እ.ኤ.አ በ1939 ሲያርፉ በመላው ዓለም የታወቁ ነበሩ፤ ስማቸው የተሰጠው በሽታ ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤቶች ይጠናል። ቦቪ እ.ኤ.አ ጥር 1 ቀን 1958 በሜይን ግዛት ፌርፊልድ ከተማ ሲያርፉ 75 ዓመታቸው ነበር። በእጃቸው ገንዘብ አልነበረም፤ የሚያስታውሳቸውም ሰው ጥቂት ነበር። በዚያኑ ቀን በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች ስማቸውን እየጠሩ መሣሪያቸውን ሲቀበሉ እንደዋሉ መገመት አያዳግትም።

ከእርሳቸው በኋላ

ቦቪ የጀመሩት ሥራ በሌሎች እጅ እየተሻሻለ መጥቷል። እ.ኤ.አ በ1940 ጄምስ ግሪንዉድ የተባሉ የቴክሳስ ሐኪም ኮረንቲው በሁለት ጫፎች መካከል ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ ቁንጢጥ አስተዋወቁ። በ1950ዎቹ ደግሞ የኒውዮርኩ ሐኪም ሊዮናርድ ማሊስ ይህንኑ ሐሳብ አዳበሩት። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ ኮረንቲው በሽተኛውን አቋርጦ ወደ ሰሌዳ መሄድ አያስፈልገውም፤ በቁንጢጡ አንዱ ጥርስ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ለአንጎልና ለነርቭ ቀዶ ሕክምና ይመረጣል።

የሽጉጥ እጀታ የሚመስለው መያዣም በጣት ጫፍ በሚጫኑት እስክሪብቶ መሰል መያዣ ተተክቷል። ሰሌዳው ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ስስ ነገር ሆኗል። እርሱ ግን ዛሬም ጥንቃቄ ይሻል። ግማሹ ከቆዳ ከተላቀቀ ሰፊው ማሳ ወደ ጠባብ ቦይነት ይለወጣል፤ ኮረንቲው በተረፈው ትንሽ ቦታ ይሰበሰብና በሽተኛው ባልታሰበ ስፍራ ይቃጠላል። በዚህ ምክንያት ዘመናዊዎቹ ማሽኖች ሰሌዳው ሲላቀቅ ድምፅ አሰምተው እንዲቆሙ ተደርገዋል። ከሚቃጠለው ሥጋ የሚወጣው ጭስም ለሐኪሞችና ለነርሶች ጤና ጎጂ ስለሆነ ጭሱን የሚስቡ ቱቦዎች ይገጠማሉ።

የኢትዮጵያን ሆስፒታሎች ጨምሮ በብዙ ሀገራት በወሊድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላት እናት፣ ዕንቅርቱ ለሚወጣለት ገበሬ፣ በአደጋ ለተጎዳ ወጣት ሐኪሞች ይህን መሣሪያ ይጠቀሙበታል። ቁስሉ ቶሎ ደርቆ፣ ደሙ ሳይፈስስ፣ ለለጋሽ ደም ያለው ፍላጎትም ቀንሶ ከጠረጴዛው የሚነሣ በሽተኛ ሁሉ የዚህ ሥራ ተጠቃሚ ነው።

የቦቪ ታሪክ በእርሻና በዕጽዋት ትምህርት ላይ ያሉ ወጣቶችንም ይመለከታል። ቡቃያ የሚለካውን መሣሪያ የሠራው እጅ፣ የፈሳሽን አሲድ የሚያነብበውን ኤሌክትሮድ የሞከረው እጅና የእንቁላልን ፕሮቲን መርጋት የመረመረው ዓይን የአንድ ሰው ነበሩ። ሦስቱም ተደምረው የአንጎልን ደም ያቆመውን ጫፍ አስገኙ። ተክልን በትዕግሥት ያጠና ሰው የሰውን ሕዋስ ለመረዳት ሩቅ መንገድ አልሄደም፤ ሁለቱም ውሃና ፕሮቲን ናቸውና።

ሌላው ትምህርት መራራ ነው። ሐሳብን በተግባር ያዋለ ሰው የድካሙን ዋጋ የሚያስከብርለት ውልና ተቋም ከሌለው ሥራው ለዓለም ሲተርፍ እርሱ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። በገጠርም ሆነ በከተማ ማረሻ የሚያሻሽል አንጥረኛ፣ የውሃ መሳቢያ የሚሠራ ወጣት፣ ዘር መርጦ የሚያባዛ ገበሬ አለ። ሥራቸው ወደ ሌላ እጅ ከመሻገሩ በፊት መብታቸውን ማወቅና በጽሑፍ ማስፈር ይገባቸዋል። ዊሊያም ቦቪ ከሥራቸው ያገኙት 1 ዶላርና በሐኪሞች አንደበት የቀረ ስም ነው።